«ኒፕ ኢት ኢን ዘ በድ» መቼ ነው የሚባለው?

ቃል ለቃሚ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሥራ ቦታዬ ስብሰባው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ሰሞኑን አለቃችን ደንበኞች በሒሳብ አከፋፈል ላይ ማማረር መጀመራቸውን ስታነሳ «ሌትስ ኒፕ ዚስ ኢን ዘ በድ» አለች። መዝገበ ቃላት «ኒፕ» መቆንጠጥ፣ «በድ» እንቡጥ ይላል። ቶሎ እናስቁመው ማለቷ እንደሆነ ከወሬው ገብቶኛል። ያልገባኝ አጠቃቀሙ ነው። ለየትኛውም ችግር ይሆናል? ለአለቃ በሚጻፍ ኢሜይል ላይስ ያስኬዳል? ደግሞ አንዳንዱ መጨረሻውን «በት» ብሎ ሲጽፍ አይቻለሁ። የቱ ነው ልክ? እስኪ በምሳሌ አስረዱኝ።

ጓሮ፦
በእኛው «በእንጭጩ መቅጨት» ማለት ነው። እነሱ እንቡጡን፣ እኛ እንጭጩን። አለቀ።

ሰዋስው ወዳጅ፦
ጓሮ ልክ ነህ፣ ግን ወንድማችን የጠየቀው አጠቃቀሙን ነው። የሚቀጨው ነገር መሀል ይገባል። «ኒፕ ዘ ፕሮብለም ኢን ዘ በድ» ትላለህ። «ኒፕ ኢን ዘ በድ ዘ ፕሮብለም» ካልክ ጆሮ ይቆረቁራል። ችግሮቹ አስር ቢሆኑም «በድ» ላይ ኤስ አትጨምርም፣ «ዘ» የምትለዋንም በ«ኤ» አትለውጥም። ላለፈ ጊዜ ስትጽፈው ፒዋ ትደገምና ኢዲ ይጨመራል፣ ስታነበው ግን መጨረሻው ት ነው የሚሆነው፣ «ኒፕት»። «ዘ ሩመር ዎዝ ኒፕት ኢን ዘ በድ» ማለት ወሬው ገና ሳይዛመት ተቀጨ ነው። የሚቀጨው ደግሞ ወሬው፣ ልማዱ፣ ጠቡ ነው እንጂ ሰውዬው አይደለም። ሠራተኛው ማርፈድ ከጀመረ ማርፈዱን ነው የምትቀጨው።

ከሁሉም በላይ ግን ጊዜውን ልብ በል። ችግሩ ብቅ ማለት አለበት፣ ግን ገና ትንሽ መሆን አለበት። ጭራሽ ካልጀመረ «ፕሪቬንት» ይሻላል። ሥር ሰዶ ወራት ካስቆጠረ ደግሞ እንቡጥነቱ አልፏል፣ «ፊክስ» ወይም «ሶልቭ» በል። ኢሜይል ላይ ያስኬዳል። ብልግና የለበትም፣ በጣም መደበኛ የሆነ ደብዳቤ ላይ ብቻ ትንሽ ቀለል ይላል።

ዘግይቶ መጪ፦
እኔ እንደሚመስለኝ ትክክለኛው አቻ «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው። በእንጭጩ መቅጨት የዜና ቋንቋ ሆኖብኛል፣ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ እንደዚያ አያወራም።

ሰዋስው ወዳጅ፦
አልስማማም። «ሳይቃጠል በቅጠል» ምክር ነው፣ አስቀድመህ ተጠንቀቅ ዓይነት። ለእሱ የሚቀርበው «ኤ ስቲች ኢን ታይም ሴቭስ ናይን» ነው፣ ቀዳዳው ትንሽ እያለ አንድ ጊዜ ብትጠቅመው ዘጠኝ ጥቅማት ያድንሃል የሚለው። እሱ አባባል እ.ኤ.አ. በ1732 በታተመው የቶማስ ፉለር የምሳሌያዊ አባባሎች ስብስብ ውስጥም አለ። ሌላው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1735 በፊላደልፊያ ስለ እሳት አደጋ ሲጽፍ የተጠቀመበት ነው፣ አንድ አውንስ ጥንቃቄ የአንድ ፓውንድ ፈውስ ያህል ዋጋ አለው የሚለው። እነዚህን እንደ ምሳሌያዊ አነጋገር ሙሉውን ነው የምትጠቅሳቸው። «ኒፕ ኢን ዘ በድ» ግን እንደማንኛውም ግስ አረፍተ ነገርህ ውስጥ ገብቶ ይሠራል። የዜና ቋንቋ ነው ያልከው እንኳ እውነት አለው፣ ግን ትርጉሙ እሱው ነው፣ ምን እናድርግ።

ሳቂታ፦
ስለ «በት» ማንም አልመለሰም እኮ 😄 ልኩ «በድ» ነው። ሰዎች ሲነገር በጆሮአቸው ብቻ ሰምተው ነው «በት» እያሉ የሚጽፉት፣ እንግሊዝኛ አፍ የፈቱትም ጭምር። «በት» ደግሞ በጨዋ አማርኛ መቀመጫ ማለት ነው። አለቃህ ጋ «ችግሩን መቀመጫው ላይ እንቆንጥጠው» ብለህ እንዳትልክ!

እንቡጡ ከየት መጣ ላለ ሰው፣ ነገሩ የተክል ነው። ውርጭ ወይም የአትክልተኛ ጣት እንቡጡን ከቀጨው አበባም ፍሬም የለም። በ1590ዎቹ እንዲያውም «ኒፕ ኢን ዘ ብሉም» ይባል ነበር፣ አበባው ላይ መቅጨት። «በድ» የመጣው ትንሽ ቆይቶ በ1600ዎቹ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ለመጥፎ ነገር ብቻ አይደለም የሚሆነው፣ ተስፋም ሐሳብም ሊቀጭ ይችላል። ጉዳት ደርሶበት ገና በጅምር ስለቆመ ስፖርተኛ ሲያወሩ የሩጫ ሕይወቱ «ዎዝ ኒፕት ኢን ዘ በድ» ይላሉ።

ቃል ለቃሚ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በጣም ነው የገባኝ። እስኪ ይቺን እዩልኝ፣ ለአለቃዬ ልልካት ነው፦ «ዊ ማስት ኒፕ ዚዝ ኮምፕሌይንትስ ኢን ዘ በድ»።

ሰዋስው ወዳጅ፦
ሰዋስዋ ምንም አይልም። ግን «ኮምፕሌይንትስ» ካልክ ደንበኞቹን አፍ እናስይዝ ያልክ ሊመስል ይችላል። መቀጨት ያለበት ያማረራቸው ነገር ነው አይደል? «ማስት»ም ለአለቃ ትእዛዝ ትመስላለች። እንዲህ አድርጋት፦ «አይ ቲንክ ዊ ካን ስቲል ኒፕ ዚስ ቢሊንግ ኢሹ ኢን ዘ በድ»። «ስቲል» ያስገባሁት ጊዜው አላለፈም፣ ገና እንደርሳለን እንድትልልህ ነው። ከዚያ ምን ለማድረግ እንዳሰብክ አንድ መስመር ጨምርበትና ላከው።