ሞተሩ ወዴት እየዞረ ነው? የትኛውን ሴንሰር ልግዛ ለምትሉ

ከሁሉ በፊት ይቺን ያዙ፦ በአንድ የሲግናል መስመር ብቻ የሚበራና የሚጠፋ ሴንሰር ፍጥነት እንጂ አቅጣጫ አይነግራችሁም። እንዲህ ባሉ ሴንሰሮች አቅጣጫ የሚታወቀው በሁለት ሲግናል ነው። ኤ እና ቢ ይባላሉ፤ አንዱ ከሌላው በሩብ ዑደት ይቀድማል። ኤ ከፍ ሲል ቢን ታያላችሁ። ቢ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ሞተሩ ወደ አንዱ፣ ከፍ ብሎ ከተገኘ ወደ ሌላው እየዞረ ነው።

ሞተሩን ገና የምትገዙ ከሆነ ሳታመነቱ ከኋላው ኢንኮደር (ዙሩን በኤ እና ቢ ሲግናል የሚነግር ሴንሰር) የተገጠመለትን ግዙ። ኤን20 እና ጄጂኤ25-370 የሚባሉት ይበቃሉ። ስድስት ሽቦ አላቸው፦ ሁለቱ የሞተሩ፣ ሁለቱ የሴንሰሩ ኃይል፣ ሁለቱ ኤ እና ቢ። የሽቦ ቀለም አትመኑ፣ ሰሌዳው ላይ የታተመውን አንብቡ። የሞተሩን 12 ቮልት ወደ ሴንሰሩ ከላካችሁት ሊቃጠል ይችላል።

ሞተሩ እጃችሁ ላይ ካለና የኋላ ዘንጉ ወጣ ያለ ከሆነ ኤኤስ5600 የሚባለው በማግኔት የሚሠራ የአንግል ሴንሰር ቺፕ በጣም ጥሩ ነው። አንዱን ዙር 4,096 ቦታ ከፍሎ አንግሉን ይነግራችኋል፤ አንግሉ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ አይታችሁ አቅጣጫውን ታውቃላችሁ። የሚያስቸግረው ማግኔቱ ነው። ሰሜንና ደቡቡ ጎን ለጎን የተከፈለ ክብ ማግኔት ይፈልጋል፤ ዋልታዎቹ ከላይና ከታች የሆኑት ተራ ማግኔቶች አይሠሩለትም። ከቺፑም ከ0.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር መራቅ አለበት። ሌላው ደግሞ፣ በሁለት ንባብ መካከል ሞተሩ ከግማሽ ዙር በላይ ከሄደ አቅጣጫው ይምታታባችኋል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ አንብቡ።

ቢጫው ሞተርና 20 ቀዳዳ ያለው ዲስክ ላላችሁ፣ ኤልኤም393 ያለበትን የብርሃን ሴንሰር ሁለት ግዙ። አገጣጠሙ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ብዙ ሰው «90 ዲግሪ» ሲባል ሰምቶ ሁለቱን ዲስኩ ላይ በ90 ዲግሪ ያራርቃቸዋል። አንዱ ቀዳዳ ከነጥርሱ 18 ዲግሪ ስለሆነ 90 ዲግሪ ልክ አምስት ዑደት ነው፤ ሁለቱም እኩል ይበራሉ፣ እኩል ይጠፋሉ። አምስት ዑደት ከሩብ እንዲሆን በ94.5 ዲግሪ አራርቋቸው።

ኬዋይ-040 የሚባለውን ኢንኮደር ለሞተር አልመክርም። በእጅ ለሚዞር ቁልፍ የተሠራ ነው። ውስጡ የሚነካካ ብረት ስላለ ሲግናሉ ይንቀጠቀጣል፣ ቶሎም ያልቃል።

ወጪ መቀነስ ለምትፈልጉ፣ መርካቶ ምን አለሽ ተራ አሮጌ ኢንክጄት ፕሪንተር ፈልጉ። ወረቀት የሚስበው ክፍል ጋ ብዙ ጊዜ ስስ መስመር የታተመበት የፕላስቲክ ዲስክና ባለ ሁለት ቻናል ሴንሰር ይገኛል። ዲስኩን በጣታችሁ አትንኩት፣ ቅባት መስመሩን ይሸፍነዋል።

አርዱይኖ ኡኖ ላይ ኤ እና ቢን ፒን 2 እና 3 ላይ አስገቡ፤ ሲግናሉ ሲቀየር ሌላውን ሥራ አቋርጦ ወዲያው የሚያስቆጥረው ውጫዊ ኢንተራፕት ያላቸው እነሱ ናቸው። ሞተሩ ወደ ፊት ሲሄድ የምትቆጥሩት ቁጥር ከቀነሰ የኤ እና የቢን ሁለቱን ሽቦዎች ማቀያየር ብቻ ነው።