ቤት እሳት የሆነው ልጄ ቴኳንዶ ላይ ረጋ፣ ለፍላፊዋ ልጄ ግን በር ላይ ቆመች፤ ላስወጣት?

ጥያቄ፦ የጠባሴ እናት (ደብረ ብርሃን)
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ልጆቼን ቴኳንዶ ካስገባኋቸው ወር ሊሞላ ነው። ወንዱ 10፣ ሴቷ 7 ዓመታቸው ነው። ወንዱ ቤት ውስጥ እሳት ነው፤ ወጥ ቀጠነ ብሎ ይነሳል፣ በር ያላትማል፣ እህቱን ሳያስለቅስ አይውልም። ሴቷ ለፍላፊ ናት፣ እንግዳ አትፈራም። ስልጠናው ቦታ ሲደርሱ ግን የተለዋወጡ ይመስላል። እሱ ተሰልፎ ጭጭ ይላል። እሷ በሩ ጥግ ቆማ የቀበቶዋን ጫፍ ስትጠቀልል፣ መልሳ ስትፈታ ሰዓቱ ያልቃል። ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው የሚጀምሩት። ማስተሩ "ተያት" ይለኛል፣ ባለቤቴ "ብር ከምትከሰክሺ አውጫት" ይለኛል። የገዛ ልጆቼን ጠባይ አላውቀውም ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ አሰልጣኝ (ሸዋ ሮቢት)
እህቴ፣ ማስተሩ ልክ ነው። ቁጡ ልጅ እኛ ጋ የሚረጋው ቀጥሎ የሚመጣውን ስለሚያውቀው ነው። ቻርዮት ሲባል ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ክዩንግኔ ሲባል እጅ ይነሳል፣ ሺጃክ ሲባል ይጀምራል። ቤት ግን ጨዋታው መሃል ላይ ድንገት "ና ብላ!" ይባላል። አምስት ደቂቃ ቀደም ብለሽ ንገሪውና ልዩነቱን እዪ።

ደግሞ ለመፍረድ አትቸኩዪ፤ እስካሁን ያየሽው ሰልፉን ነው። እኔ የልጅ ጠባይ የማየው ፍልሚያ ላይ ነው፣ እሱንም ምቱን አይደለም። ነጥብ ሲቆጠርበት ያሉትን ሁለት ሦስት ሰከንዶች አያለሁ። አንዱ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፣ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ዞሮ እናቱን ይፈልጋል፣ አንዱ ሳይታዘዝ ዘሎ ይገባል። ዘሎ የሚገባውን ቀበቶህን ፈተህ እሰር እለዋለሁ። ቀበቶው አልላላም፤ እሱ ግን እስኪያስር ትንፋሹ ይመለሳል። (ፍልሚያ ሲጀምሩ የጭንቅላት ምት መከልከሉን ጠይቂ።)

መልስ፦ አባት (መሐል ሜዳ)
እኔ አልስማማም። የኔው ልጅ ቢጫ ቀበቶ ባሰረ በሳምንቱ በጎረቤት ልጅ ላይ እግሩን አነሳ። ጠባይ ያሳያል ትላላችሁ፣ እኔን ያሳየኝ ጥጋብ ነው።

መልስ፦ አሰልጣኝ (ሸዋ ሮቢት)
ጋሼ፣ ይህ አይካድም፣ ይገጥመናል። እንዲህ ያደረገ ልጅ እኔ ጋ ለአንድ ሳምንት ለሌሎቹ ፓድ (የምት መቀበያ ትራስ) ያዥ ነው። ምት በሚቀበለው በኩል ምን እንደሚመስል ይገባዋል። ለማስተሩ ይንገሩት፣ አይደብቁት። አሰልጣኙ ራሱ በዱላ የሚቀጣ ከሆነ ግን የዚያኑ ዕለት ያውጡት።

መልስ፦ የሥነ ልቦና መምህርት (ደብረ ብርሃን)
አሌክሳንደር ቶማስና ስቴላ ቼስ የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ከ1956 (እ.ኤ.አ.) ጀምረው ኒውዮርክ ውስጥ ሕፃናትን ለዓመታት ተከታትለው ነበር። ከ100 ልጆች 15 ያህሉን "ቀስ ብለው የሚሞቁ" አሏቸው፤ አዲስ ነገር ሲገጥማቸው መጀመሪያ ያፈገፍጋሉ፣ ካልተገፉ በራሳቸው ጊዜ ይገባሉ። ቤት ለፍላፊ መሆኗ ይህን አያፈርሰውም። እንግዳው የሚመጣው እሷ ቤት ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ግን እንግዳዋ ራሷ ናት።

ሁለቱ ከቆጠሯቸው 9 የጠባይ መለኪያዎች አንዱ ደግሞ ለብርድ፣ ለድምፅ፣ ለልብስ ሸካራነት ያለው ስሜት ነው። ስለዚህ አንድ ተራ ነገር ልጠይቅሽ፦ ወለሉ ምንድን ነው? በእኛ ከተማ ውርጭ፣ በጠዋት፣ በባዶ እግር ሲሚንቶ ላይ ከሆነ እኔም በር ላይ እቆማለሁ።

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት (ጫጫ)
ብቻ "ወንድምሽን አታዪውም?" አትበያት። እኔ ብዬ ያየሁትን አይቻለሁ። ወንዱንም "ካጠፋህ ቴኳንዶ ትቀራለህ" አትበዪው፣ የሚረጋበትን አንድ ቦታ ነው የምትነጥቂው።

የጠያቂዋ መልስ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው! ስጠይቃት "እግሬን ይነክሰኛል" አለችኝ። ወር ሙሉ አልጠየቅኳትም፣ አፈርኩ። ማስተሩ ሶሉ ስስ የሆነ ጫማ ፈቀደላት፣ እኛም ወደ ከሰዓቱ ምድብ፣ 10 ሰዓት አዛወርናት። ያኔም አልተሰለፈችም፤ ከበሩ ወደ አግዳሚው ወንበር ተጠጋች እንጂ። ባለቤቴ አሁንም ያጉረመርማል።

ወንዱ ፍልሚያ ጀመረ። ነጥብ ሲቆጠርበት ዘሎ ከሚገቡት ወገን ነው፣ እንግዲህ ቀበቶውን ደጋግሞ ይፈታል።

ትናንት ግን እናቴ ጠርታ ጓሮውን አሳየችኝ። ቾንጂ የሚሉት የመጀመሪያው ልምምድ 19 እንቅስቃሴ አለው፤ አንድም ቀን ያልተሰለፈችው ልጅ "ሃና፣ ዱል፣ ሴት" (በኮሪያኛ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት) እያለች 16 ያህሉን ትሠራለች። እናቴ ስትስቅ ዞር ብላ "አያቴ፣ ቻርዮት!" አለቻት። እናቴም ነጠላዋን ሰብስባ ቀጥ አለች።