ድመቴ በአጥሩ ጠርሙስ ተቆረጠች፤ ግቢ ውስጥ እንዴት ላቆያት?

የገርጂዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ገርጂ ነው የምኖረው፤ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ። ድመቴ ቡላ ትባላለች፤ መስከረም ላይ ሁለት ዓመት ሞላት።

ባለፈው ሳምንት ማታ በሦስት እግሯ እያነከሰች መጣች። አጥራችን የድንጋይ ነው፤ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ በሲሚንቶ ተተክሎበታል። መዳፏ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ሐኪም ጋ ወስጄ አሰፋኋት።

ከእሷ በፊት ዳመና የምትባል ድመት ነበረችኝ። ውጭ አድራ መጣች። ከጥቂት ቀን በኋላ መብላት አቆመች፣ ቀጥሎ ድዷ መድማት ጀመረ። እኔ ነገ እወስዳታለሁ ስል ሞተች። ሰፈር ውስጥ የአይጥ መርዝ ተደርጎ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። ያን «ነገ» እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ስለዚህ ቡላን ደግሜ ወደ ውጭ መልቀቅ አልችልም።

አሁን ቤት ዘግቼባታለሁ። መስኮት ላይ ሆና ስትጮህ ትውላለች። ፀሐይ በጣም ነው የምትወደው። አከራዬን እትዬን ለመንኳቸው። ስባሪውን አላስነቅልም፣ ሌባ ይገባብኛል አሉ። ግን ከሰርቪሱ ጎን ያለውን ቦታ እንደፈለግሽ አድርጊው ብለውኛል። ቦታው ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር ይሆናል። በአንድ በኩል የእኔ መስኮት አለ፤ በሌላው የሮቶው ማማ። አጥሩ ላይ መረብ ላስዘርጋ ወይስ የተሻለ ዘዴ አለ? የሞከራችሁት ካለ ንገሩኝ።

ዳዊት ከመርካቶ

እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። እንደኔ ግን ቁስሏ ሲድን ልቀቂያት። ድመት ተዘግታ አትኖርም። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባል የለ? እኛ ቤት ያሉት ሁሉ ሲዞሩ ውለው ማታ ይመጣሉ።

አናጢው

ልጄ፣ እኔ አናጢ ነኝ። ኮተቤ ላይ ለልጄ ሁለት ድመቶች የሽቦ ቤት ሠርቻለሁ፤ አራት ዓመት ሆነው። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ እኔም የሠራሁት አጥሩ ላይ ነበር። ከአጥሩ አናት ወደ ውስጥ ያጋደለ ሽቦ ወጠርኩ። ድመት ወደ ላይ ወጥታ ጣሪያ የመሰለ ነገር ከራሷ በላይ ስታገኝ ትመለሳለች። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ይሠራልም። ግን አጥሩ አጠገብ መዝለያ የሚሆን ምንም ነገር መኖር የለበትም። የእኔዋ ሦስት ቀን አልፈጀባትም። የተከመረ አጣና ላይ ወጥታ ሽቦውን ከላይ ዘለለችው። ጤነኛ ድመት ከቆመችበት አንድ ሜትር ተኩል ወደ ላይ መዝለል አያቅታትም። ያንቺ ግቢ ደግሞ የሮቶ ማማ አለው። ማማውን አታነሽውም። ደግሞ አጥር ላይ የሚሠራ ነገር የራስሽን ድመት ቢያስቀር የሰውን ድመትና ውሻ አያስቀርም።

ስለዚህ አጥሩን ተዪው። ጣሪያ ያለው የሽቦ ቤት ሥሪላት፤ ከመስኮትሽ ጋር የተያያዘ። መስኮቱን ስትከፍቺ ራሷ ወጥታ ትገባለች። በር አልተዘጋም ብለሽ አትጨነቂም።

ቋሚውን ከአጣና አድርጊው፤ ቱቦላሬ ካገኘሽ ደግሞ ይሻላል። ምናለሽ ተራ ብትሄጂ ያገለገለ ቱቦላሬ አይጠፋም፤ የሰፈር በያጅ በግማሽ ቀን ያቆመዋል። አጣና ከሆነ መሬት የሚገባውን ጫፍ ብቻ የተቃጠለ ዘይት አስነኪው፣ እንዳይበሰብስ። ከመሬት በላይ ግን አንድ ጠብታ እንዳይነካው። ድመት የነካችውን ሁሉ ከፀጉሯ ላይ ትልሰዋለች።

ሽቦው ላይ አትሰስቺ። ቀጭኑ የዶሮ ሽቦ ርካሽ ነው፤ ድመቷን ይይዛታል። ውሻ ከውጭ ከታገለው ግን ይበጠሳል። ልጄ ቤት አንድ ሌሊት እንደዚያ ሆኖ በማግስቱ ቀየርኩት። ካሬ ካሬ ዐይን ያለው፣ መገጣጠሚያው የተበየደውን ግዢ። ዐይኑ ከሁለት ሴንቲ ተኩል አይብለጥ፤ ሰፊ ከሆነ እግሯን አስገብታ ትሰነከላለች። የታችኛውን ጫፍ 30 ሴንቲ ያህል ወደ ውጭ አጥፈሽ መሬት ላይ አስተኚውና ድንጋይ ጫኚበት። ውሻ ከሥር ሊቆፍር ሲመጣ ሽቦ ያገኛል። ሲያያዝ በጥቁር ሽቦ በየስንዝሩ ይታሰር። የተቆረጠው ጫፍ ሁሉ በጉጠት ወደ ውጭ ይታጠፍ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳና ዐይኗን ይወጋታል።

ግማሹን ጣሪያ ቆርቆሮ አልብሺው፣ ለክረምት። ግማሹን ለፀሐይ በሽቦ ብቻ ተዪው።

ወንድሜ ዳዊት፣ አመሏን አትረሳም ያልከው ልክ ነህ። ለዚህ ነው መዝጋት ብቻውን የማይበቃው። መውጣት፣ መቧጨርና ከፍ ብሎ ማየት ትፈልጋለች። ይህን ሁሉ እዚያው ስጧት። በተለያየ ከፍታ ሦስት መደርደሪያ ምቺላት፤ አንዱ ከአንቺ ራስ በላይ ይሁን። ቅርፊቱ ያልተላጠ ግንድ አቁሚላት፣ ጥፍሯን ትሳልበታለች። ለመጸዳጃ ሰጋቱራ ወይም አሸዋ በሳፋ አድርጊ። ቡላ ከመሬት ይልቅ ላዩን ነው የምትፈልገው፤ ስለዚህ ቦታው ጠበበ ብለሽ አትዘኚ።

ሰናይት ካንቤራ

እኔ አውስትራሊያ ካንቤራ ነኝ። እዚህ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከሐምሌ 1 ቀን 2022 ጀምሮ የተወለደች ድመት ሁሉ ከባለቤቷ ግቢ እንዳትወጣ ሕግ አለ። ስሰማው መጀመሪያ ጭካኔ መስሎኝ ነበር። የአገሩን ወፎችና ትንንሽ እንስሳት ለማዳን ነው፤ ድመቶቹንም ከመኪና አድኗቸዋል። ጎረቤቴ አጥሯ አናት ላይ የሚሽከረከር ቱቦ አስገጥማለች። ድመቷ ልትንጠለጠልበት ስትል ይዞርና ትወርዳለች።

እኔ ጨምሬ የምለው ስለ ማለማመድ ነው። የመጀመሪያው ቀን ዐሥር ደቂቃ ብቻ ይሁን፤ አንቺም አብረሻት ግቢ። ምግቧን እዚያ ስጫት። የእኔዋ የመጀመሪያውን ሳምንት ጥግ ይዛ ነበር። አሁን በግድ ነው የማስገባት። በገመድ ልታወጫት ከፈለግሽ ደግሞ አንገት ላይ አትሰሪባት፤ ደረቷን የሚይዝ ማሰሪያ አለ።

ሐኪሟ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ቢሾፍቱ ነው የተማርኩት። ስለ ዳመና በጣም አዝኛለሁ። የነገርሽን ምልክት ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው የአይጥ መርዝ የሚያሳየው ነው። መርዙን የበላች አይጥ የበላች ድመትም ልትመረዝ ትችላለች። ምልክቱ ቀናት ቆይቶ ስለሚወጣ ሰው ይዘናጋል። በጊዜ ከደረሰች ቫይታሚን ኬ1 ያድናታል። ስለዚህ አይጥ ወደ ሽቦው ቤት እንዳይገባ የተረፈ ምግብ ማታ አታሳድሪ።

ቦታውን ከመሥራትሽ በፊት ዙሪያውን እዪ። ጉሎ ወይም አስተናግር በቅሎ ከሆነ ከነሥሩ ንቀዪው። እትዬ ሊሊ አበባ ካላቸው ከሽቦው አርቂው። ብናኙ ፀጉሯ ላይ ወድቆ ብትልሰው እንኳ ኩላሊቷን ይገድለዋል። ወለሉን ስታጥቢ ውሃ ሲነካው ነጭ የሚሆነውን ማጽጃ ተዪው። በረኪና በብዙ ውሃ አቅጥነሽ፣ ደጋግመሽ አለቅልቂና ሲደርቅ አስገቢያት። ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒት በምንም ምክንያት አትጠቀሚ፤ ፐርሜትሪን ያለበት ድመትን ይገድላል።

ካልመከነች አስመክኛት። ወንድ በምትፈልግበት ሰሞን የትኛውንም ሽቦ ትታገላለች። ሽቦ ውስጥ ናት ብለሽም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን እንዳትተዪ። በየዓመቱ ይደገም።

ዳዊት፣ አንተም የእናንተዎቹን አስከትብ፤ የሚዞሩት ናቸው ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው።

ዳዊት ከመርካቶ

እሺ ዶክተር። የት እንደሚከተቡ አጠያይቃለሁ።

የገርጂዋ

ከወር በኋላ ነው የምጽፈው፤ ይቅርታ። ጋሼ አናጢው፣ እንዳሉኝ አደረግኩ። እግዜር ይስጥልኝ።

ቱቦላሬውን ከምናለሽ ተራ ገዛሁ። ሽቦው ነው የተወደደብኝ፤ ግን እንደመከሩኝ አልሰሰትኩም። በያጁ ቁመቱ ይነስ ብሎኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ፤ ሁለት ሜትር አስደረግኩት። ጥግ ላይ አንድ እግር ጉሎ በቅሎ አገኘሁ። ሐኪሟ ባትነግሪኝ ኖሮ ጥላ ይሆናታል ብዬ እተወው ነበር።

ቡላ አምስት ቀን ሙሉ ከመስኮቱ ደፍ አልወረደችም። ሰናይት ያልሽውን አስታውሼ ከእሷ ጋር በርጩማ ላይ እየተቀመጥኩ ቡናዬን እዚያ ጠጣሁ። በስድስተኛው ቀን ላይኛው መደርደሪያ ላይ ወጥታ ተኛች። መዳፏ ድኗል፤ ትንሽ ጠባሳ ብቻ ነው የቀረው። አሁን ጠዋት ጠዋት ሮቶው ላይ የሚያርፉትን ርግቦች እያየች አገጯን ታንቀጠቅጣለች። እትዬም ከበረንዳ ወንበራቸውን ወደዚህ አዙረውታል።

የቀረኝ የበሩ መቀርቀሪያ ነው። ቅዳሜ እገዛለሁ፤ እስከዚያ በጥቁር ሽቦ አስሬዋለሁ።