በቆሮሶ ኩሬዬ ውስጥ የወጣው ጺማም ዓሣ አምባዛ ነውን?

ጥያቄ፦ ከተሁለደሬ፣ አርሶ አደር

ጤና ይስጥልኝ። ከአርዲቦ ወደ ሐይቅ በሚወርደው ወንዝ አቅራቢያ 10 በ15 ሜትር የሆነ የመስኖ ኩሬ አለኝ፤ አምና የቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ጫጩት ጨምሬበት ነበር። በዘንድሮው ክረምት ጎርፉ ቦዩን ጥሶ ለሁለት ቀን ያህል ወደ ኩሬው ሲገባ ሰነበተ። በመስከረም መረብ ስጥል ከቆሮሶው ጋር አንድ ክንድ የሚሆን፣ ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጣ ያለ፣ ቅርፊት የሌለውና ከእጅ የሚያመልጥ ሙልጭልጭ ዓሣ ወጣ። በአፉ ዙሪያ ረጃጅም ጺም አለው። ከመረቡ ሳላቅቀው ከጭንቅላቱ ጎን ያለው እሾህ አውራ ጣቴን ወግቶኝ ሌሊቱን ሲጠዘጥዘኝ አደረ። ከሁሉ የገረመኝ ግን ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ እርጥብ ሣር ላይ ጥዬው ሄጄ በ3 ሰዓት ስመለስ አፉን እየከፈተና እየዘጋ በሕይወት ማግኘቴ ነው። ከጎረቤቶቼ አንዳንዶቹ አምባዛ ነው ሲሉ፣ ሌሎቹ ከእባብ የተዳቀለ መርዘኛ ነው ይላሉ። የቆሮሶ ጫጩቶቼም ቁጥር ቀንሶብኛል። የብርብራ ፍሬ ወቅጠህ ጨምርበትና ይለቅልህ ያሉኝም አሉ። ምን ዓይነት ዓሣ እንደሆነና ምን ማድረግ እንዳለብኝ የምታውቁ እንድታስረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

መልስ፦ ከሐይቅ ከተማ፣ ዓሣ አስጋሪ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ቁስሉን በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ደጋግመው ይጠቡት፤ ካበጠ ወይም ከቀላ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባዎታል። የገለጹት ዓሣ አምባዛ ይመስለኛል፤ እኛም ከሐይቁ በመንጠቆም በመረብም የምናወጣው ነው። አያያዙን አለማወቅ ብዙ ሰው ያስወጋል። አምባዛ ሲደነግጥ ሁለቱን የደረት እሾሆች ወደ ጎን ዘርግቶ ይቆልፋቸዋል፤ የእሾሁ ውጫዊ ጠርዝ ደግሞ እንደ መጋዝ የተጠረሰ ነው። ስለዚህ ጅራቱን መያዝ አይጠቅምም፤ በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው፣ ከእሾሆቹ በስተኋላ፣ ልክ ከጭንቅላቱ ቀጥሎ ባለው ቦታ ጠበቅ አድርገው ይያዙት። የጫጩቶቹን ነገር በተመለከተ፣ የእኔ ምክር አንድም ሳይቀር ቢያወጡት ነው፤ አምባዛ ባለበት ኩሬ ጫጩት አይበረክትም።

መልስ፦ ከደሴ፣ የሥነ ሕይወት መምህር

አምባዛ ነው ብሎ ለመደምደም ከቀለሙ ይልቅ አካሉን መመልከት ይሻላል፤ ቀለሙ እንደ ውኃው ድፍርስነትና እንደ ታችኛው ጭቃ ይለዋወጣል። እባክዎ አራት ነገሮችን አይተው ይንገሩን፤ ጺሞቹ ስንት ናቸው? የጀርባው ክንፍ ከየት ተነሥቶ የት ያበቃል? ከጀርባው ክንፍ በስተኋላ ሌላ ትንሽ ሥጋማ ክንፍ አለ ወይስ የለም? የጅራቱ ጫፍስ ክብ ነው ወይስ እንደ መንታ ቅጠል የተከፈለ?

ጠያቂው፦

ትናንት ሌላ አንድ ወጥቶልኝ በሳፋ ውኃ ውስጥ አስቀምጬ በደንብ አየሁት። ጺሞቹ ስምንት ናቸው፤ ሁለቱ አፍንጫው አጠገብ፣ ሁለቱ ረጃጅሞች በአፉ ጥግና ጥግ፣ አራቱ ደግሞ ከታችኛው መንገጭላው ሥር። የጀርባው ክንፍ ከጭንቅላቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይጀምርና እስከ ጅራቱ ሥር ድረስ አንድ ወጥ ሆኖ ይሄዳል፤ ሌላ ክንፍ የለም። ጅራቱ ክብ ነው። ጭንቅላቱ ጠፍጣፋና እንደ ድንጋይ ጠንካራ ሆኖ አገኘሁት። ሳፋው ውስጥ ሆኖ በየጥቂት ደቂቃው ወደ ላይ እየወጣ አየር ይጎነጫል።

መልስ፦ ከደሴ፣ የሥነ ሕይወት መምህር

እንግዲህ አምባዛ መሆኑን አልጠራጠርም፤ በሳይንሳዊ ስሙ ክላሪያስ ጋሪፒነስ ይባላል። ከእባብ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ዓሣና እባብም አይዳቀሉም። ስለ ሁለተኛው ክንፍ የጠየቅኋችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። በባሮና በኦሞ ወንዞች የሚገኘው ሄትሮብራንከስ የተባለው ዘመዱ ከአምባዛ ጋር እጅግ ይመሳሰላል፤ ነገር ግን የጀርባ ክንፉ አጠር ብሎ ከኋላው ትልቅ ሥጋማ ክንፍ ይከተለዋል። በአባያና በጫሞ የሚሰገረው ባግረስም ጺማም ነው፤ እርሱ ግን ሥጋማ ክንፍ ያለው ሲሆን ጅራቱ ለሁለት የተከፈለ ነው።

በሣር ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ በሕይወት የቆየበት ምክንያት ይህን ዓሣ ከሚያስደንቁኝ ነገሮች ዋነኛው ነው። የሞተ አምባዛ ሲያገኙ የስንጥቡን ክዳን ገልጠው ወደ ላይ ይመልከቱ፤ ከስንጥቡ በላይ ባለው ጓዳ ውስጥ እንደ አበባ ጎመን የተቋጠረ፣ በደም ሥር የተሞላ ቀይ አካል ያያሉ። ዓሣው ከውኃው ወለል የጎነጨውን አየር ወደዚያ ያስገባና ኦክስጅኑን በቀጥታ ወደ ደሙ ይወስዳል። በዚህም ምክንያት ውኃው ቢደፈርስና ኦክስጅን ቢያንሰው ቆሮሶው ሲሞት አምባዛው ይተርፋል፤ ሰውነቱ እርጥብ እስከሆነ ድረስም ከውኃ ውጭ ለሰዓታት ይቆያል። በእርጥብ ሌሊት በደረቱ እሾሆች እየተደገፈና ሰውነቱን እያጠማዘዘ ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው በመሬት ሊሻገርም ይችላል፤ እባብ ነው የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል።

መልስ፦ ከቃሉ ወረዳ፣ ዓሣ አርቢ

ጋሼ፣ ብርብራውን ፈጽሞ እንዳይጨምሩ እለምንዎታለሁ። የብርብራ ፍሬ ውስጥ ያለው ሮተኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ዓሣን ሳይለይ የሚገድል ስለሆነ ቆሮሶዎም አብሮ ያልቃል፤ ውኃው ወደ ታች ከፈሰሰ ደግሞ በወንዙና በሐይቁ ላይ የሚያደርሰው ጥፋት የእርስዎ ብቻ ሆኖ አይቀርም። እኔ ያደረግሁትን ልንገርዎ። በበጋ ኩሬውን አፍስሼ ቆሮሶውን ወደ በርሜል አወጣሁና ያለቀ መስሎኝ በሳምንቱ ውኃ ሞላሁት፤ አምባዛዎቹ ግን ጭቃው ውስጥ ተቀብረው ኖሮ እንደገና ብቅ አሉ። በሁለተኛው ጊዜ ጭቃው ደርቆ እስኪሰነጣጠቅ ድረስ ጠበቅሁ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ውኃው በሚገባበት ቦታም ጠቅጠቅ ያለ ወንፊት አድርጌያለሁ፤ የጎርፉን ጊዜ ለመመከት ደግሞ የኩሬውን ዳር በአፈር ከፍ አደረግሁ።

ከሐይቁ ወንድማችን ጋር ግን በአንድ ነገር አልስማማም። አምባዛ ነፍሳትን፣ ቀንድ አውጣን፣ ብስባሽንና ያገኘውን ትንሽ ዓሣ ሁሉ ስለሚበላ ለጫጩት ጠላት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ቆሮሶው አድጎ በራሱ ሲራባ ኩሬው በጥቃቅን ዓሣ ይጨናነቅና ሁሉም ይቀጭጫል። በዚያን ጊዜ ጥቂት አምባዛ መጨመር ጫጩቱን ስለሚቀንስ የቀሩት ቆሮሶዎች ይወፍራሉ። ስለዚህ ጥያቄው መቼና ስንት ነው እንጂ ይኑር አይኑር አይደለም።

ጠያቂው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር፤ መርዝ ከሌለው ሊበላ ይችላል? ደግሞስ ኩሬው ውስጥ እንዳይፈለፈልብኝ እሠጋለሁ።

መልስ፦ ከሐይቅ ከተማ፣ ዓሣ አስጋሪ

ሥጋው መርዝ የለውም፤ እኛ ዘንድ በየጊዜው ይበላል። ልጋጉን በጨው ወይም በአመድ አሽተው ያጥቡትና በደንብ ያብስሉት። የኦርቶዶክስ ክርስትና ተከታይ ከሆኑ ግን ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት ያለውን ዓሣ ብቻ ስለሚፈቅድ፣ አምባዛ ደግሞ ክንፍ እንጂ ቅርፊት ስለሌለው ብዙዎች አይበሉትም፤ ይህን የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። የቃሉ ወንድሜ ስለ ቆሮሶ መጨናነቅ ያለውም ትክክል ነው፤ እኔ የተናገርሁት ገና ጫጩት ላለበት ኩሬ ነው።

መልስ፦ ከደሴ፣ የሥነ ሕይወት መምህር

ስለ መፈልፈሉ ብዙ አይሥጉ። አምባዛ የሚራባው ዝናቡ ከብዶ ውኃው በሣር ላይ ሲተኛ ነው፤ በሌሊት ወደዚያ ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ይወጣና የሚያጣብቁ ዕንቁላሎቹን በሣሩ ላይ ትቶ ይሄዳል፤ ለጫጩቱ የሚያደርገው ጥበቃም የለም። ውኃው በማይንቀሳቀስና ሣር በማይጥለቀለቅበት ኩሬ ውስጥ በራሱ እምብዛም ስለማይራባ፣ ጫጩት የሚያመርቱ ጣቢያዎች ሴቷን ሆርሞን በመውጋት ዕንቁላል ያስጥሏታል። ወንዱን ለመለየት ዓሣውን በጀርባው ያስተኙትና ከፊንጢጣው ቀጥሎ ያለውን ቦታ ይዩ፤ ወደ ጅራት የሾለች ትንሽ ሥጋ ካለች ወንድ ነው፣ ከሌለች ሴት ናት። የመግቢያውን ወንፊት ከክረምቱ በፊት ካስገቡና ዳሩን ከፍ ካደረጉ፣ በኩሬዎ የሚቀሩት በዘንድሮው ጎርፍ የገቡት ብቻ ይሆናሉ።