ሳላቋርጥ እየተራመድኩ ሚዛኑ ለምን ቆመ?

ጠያቂ፦
አመጋገብንና እንቅስቃሴን አጣምሮ በሚሰጥ የክብደት መቀነሻ መርሐ ግብር ከተመዘገብኩ 7 ወር ሆኖኛል። በመጀመሪያዎቹ 4 ወራት 8 ኪሎ ግራም ቀንሼ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሚዛኑ ካለበት ንቅንቅ አላለም። በሳምንት 3 ቀን ለ45 ደቂቃ ፈጠን ብዬ እራመዳለሁ፤ ሥራዬ የቢሮ በመሆኑ የቀረውን ቀን የማሳልፈው ተቀምጬ ነው። አመጋገቤን አልለወጥኩም። መጨመር ያለብኝ የእግር ጉዞውን ነው ወይስ የቀረውን ቀኔን ማስተካከል ይሻላል?

አንደኛ መላሽ፦
የጠቀሱት ሲደመር በሳምንት 135 ደቂቃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች የሚመክረው ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ሲሆን፣ ቢያንስ በሳምንት 2 ቀን ደግሞ ጡንቻን የሚያጠናክር ልምምድ እንዲጨመርበት ይጠይቃል። ይህ ለአጠቃላይ ጤና የተቀመጠ ልክ ነው፤ ክብደትን በሚታይ መጠን ለመቀነስ ብዙውን ጊዜ ከ250 ደቂቃ በላይ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ፣ 8 ኪሎ የቀነሰ ሰውነት ያንኑ መንገድ ሲጓዝ የሚያቃጥለው ጉልበት ከቀድሞው ያነሰ ስለሆነ፣ አመጋገብዎም ሆነ ጉዞዎ ሳይለወጥ ሚዛኑ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ መቆሙን የስንፍናዎ ምልክት አድርገው እንዳያዩት እለምንዎታለሁ።

ሁለተኛ መላሽ፦
በእኔ የደረሰውን ልንገርዎት። እርምጃ የሚቆጥር መሣሪያ እጄ ላይ ካሰርኩ በኋላ፣ ስፖርት በምሠራበት ቀን ከስፖርቱ ውጭ የምራመደው ከሌላው ቀን እጅግ ያነሰ እንደሆነ ተገነዘብኩ፤ «የዛሬውን ሠርቻለሁ» ብዬ ሶፋ ላይ እውል ነበር። ሰዎች ስለ እንቅስቃሴያቸው የሚናገሩት በመሣሪያ ከሚለካው በላይ እንደሚሆን በተደጋጋሚ ታይቷል፤ ይህ መዋሸት አይደለም፣ የተቀመጥንበትን ሰዓት ስለማናስታውስ ነው። እኔ የምመክርዎት ጉዞውን ከማርዘምዎ በፊት ለአንድ ሳምንት ምንም ሳይለውጡ ቀንዎን እንዲለኩ ነው። ደረጃ መውጣት፣ ቆሞ ስልክ ማነጋገር፣ ዕቃ ማንሳትና ቤት ማጽዳት ሁሉ ይቆጠራል። ቀድሞ እንቅስቃሴው ቢያንስ 10 ደቂቃ ካልዘለቀ እንደማይቆጠር ይነገር ነበር፤ ከላይ የተጠቀሰው የ2020 መመሪያ ግን ያንን ገደብ አንስቶታል።

ሦስተኛ መላሽ፦
በሁለታችሁም ሐሳብ እስማማለሁ፤ ሆኖም ከ135 ደቂቃ በአንድ ጊዜ ወደ 250 መዝለል ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን ሊጎዳ ይችላልና በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይጨምሩ። የልብ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ካለብዎ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። የጡንቻ ልምምዱንም አይዝለሉት፤ ክብደት ሲቀንስ የሚሄደው ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻም ጭምር ነው፣ ልምምዱም ጡንቻው እንዳይመናመን ይረዳል። ብዙ ሰው ደግሞ ከጥቂት ወራት በኋላ እንቅስቃሴውን ያላላል። በአሜሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ብሔራዊ የክብደት ቁጥጥር መዝገብ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ሳይጨምሩ የቆዩ ሰዎችን ይከታተላል፤ አብዛኞቹ በአማካይ በቀን 1 ሰዓት ያህል እንደሚንቀሳቀሱ ይናገራሉ።

ጠያቂ፦
ከልብ አመሰግናለሁ። በተመከርኩት መሠረት አንድ ሳምንት ለካሁ፤ ከጉዞ ቀኖቼ በሁለቱ ከምሳ በኋላ እስከ ማታ ከወንበሬ የተነሳሁት ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር። ጉዞውን ለጊዜው ባለበት ትቼ በየሰዓቱ መነሳትን አስቀድማለሁ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ አራተኛ የጉዞ ቀን እጨምራለሁ። ያለ መሣሪያ ቤት ውስጥ ለጀማሪ የሚሆን የጡንቻ ልምምድ የምታውቁ ብትጠቁሙኝ?

ሦስተኛ መላሽ፦
ከወንበር ላይ ያለ እጅ ድጋፍ 10 ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ በክንድ መግፋት፣ እንዲሁም ቆሞ በጣቶች ጫፍ ከፍ ዝቅ ማለት። በሳምንት 2 ቀን፣ በመሃላቸው አንድ ቀን ዕረፍት እየሰጡ ይጀምሩ።