የአጎቴ ፌንደር አምፕ 220 ላይ ይሰካል?

ጥያቄ፦ የጎፋዋ

ሰላም ለሁላችሁ። አጎቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በደርግ ጊዜ ሆቴል ቤት ባንዶች ውስጥ ጊታር ይመታ ነበር። ቤቱን ስናጸዳ አንድ ትልቅ አምፕሊፋየርና አንድ ጊታር አገኘን። አምፑ ፌንደር ነው። ፊቱ ብርማ፣ ጽሑፉ ሰማያዊ ሆኖ «ትዊን ሪቨርብ» ይላል። ከጀርባው ክፍት ነው፤ አምፖል የሚመስሉ ነገሮች ቁልቁል ተደርድረዋል። 117 ቮልት የሚል ጽሑፍም አለው። ገመዱ ግን ተቆርጦ የኛው ባለሁለት ክብ እግር ስፒና ተገጥሞበታል።

ጊታሩ «ኤኮ» ይላል። ፊቱ በሚያብረቀርቅ ቀይ ፕላስቲክ የተለበጠ ነው።

አንድ ሰፈራችን ያለ ሰው «አሮጌ ዕቃ ነው፣ በ15 ሺህ ብር ላንሳልሽ» ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ «ስፒናው ሶኬቱ ላይ ልክ ይገባል፣ እንሰካውና እንየው» እያለ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ቴስተር

በመጀመሪያ ወንድምሽን ከሶኬቱ አርቂልኝ። የኛ መብራት 220 ነው፤ አምፑ የተሠራው ለ117። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ፊውዙ ቀድሞ ከተቃጠለ ዕድለኛ ናችሁ። ግን ብዙ አሮጌ አምፕ ላይ ፊውዝ ሲጠፋ በሽቦ ወይም በሲጋራ ወረቀት ጠቅልለውት ነው የማገኘው። እንደዚያ ከሆነ የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ነው። የትዊን ትራንስፎርመር ደግሞ መርካቶ ወርደሽ የምትገዢው ዕቃ አይደለም።

ያ ስፒና መቀየሩ አንድ ነገር ይነግረኛል። አጎትሽ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነበራቸው ማለት ነው። ከባድ የብረት ሳጥን፣ ሶኬት ያለው። ቤት ውስጥ ፈልጉ።

እሱ ቢገኝም ግን እንዳትሰኪው። አምፑ ውስጥ ትልልቅ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች) አሉ። እነዚህ ሥራ ፈትተው ብዙ ዓመት ሲቀመጡ ይደርቃሉ። በድንገት ሙሉ ኃይል ሲመጣባቸው ይፈነዳሉ፣ ወይም ሾርት ሆነው ሌላውንም ይዘው ይሄዳሉ። ትዊን ላይ አምስት ናቸው፤ የቆርቆሮ ክዳን ሥር ተደብቀዋል። ክዳኑን ራስሽ እንዳትከፍቺው። የዚህ አምፕ ውስጥ ከ400 ቮልት በላይ ነው፤ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ያንን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ወንድምሽ ሬዲዮ ፈታትቶ ያውቅ ይሆናል፤ ይሄ ግን ሬዲዮ አይደለም።

መልስ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ

ቴስተር ልክ ነው። እኔ እዚህ ሜሪላንድ ሆኜ አሮጌ አምፕ እሰበስባለሁ። ፊቱ ብርማ የሆነውን ሰብሳቢዎች «ሲልቨርፌስ» እንለዋለን። ከ1968 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ጀምሮ የወጣ ነው። ከሱ በፊት ፊቱ ጥቁር የነበረው «ብላክፌስ» ነው፤ ዋጋው በጣም የሚወደደውም እሱ ነው። ሲቢኤስ የሚባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድርጅት ፌንደርን በ1965 ሲገዛ ብዙ ሙዚቀኛ «ጥራቱ ወረደ» ብሎ አኩርፏል። እውነቱን ለመናገር ወሬው ተጋኗል። በጥሩ ሁኔታ ያለ የ70ዎቹ ትዊን እስካሁን ንጹህና ጉልበተኛ ድምፅ ነው የሚያወጣው።

ዓመቱን ለማወቅ ከኋላ በባትሪ አብርተሽ ትራንስፎርመሮቹ ላይ የተመታውን ቁጥር አንብቢልኝ። በ606 ይጀምራል። ስፒከሮቹም ጠርዛቸው ላይ ቁጥር አላቸው። በእጅሽ ምንም አትንኪ፣ በዓይን ብቻ።

ጋሽ ማንጎራጎር

ልጄ፣ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። ይህን አምፕ በደንብ አውቀዋለሁ። በጎንና በጎኑ ሁለት ኒኬል እግር አለው አይደል? ወደ ፊት ስትስቢያቸው አምፑ ጀርባውን ሰጥቶ ይንጋለላል። መድረክ ላይ ወለሉ ላይ አስቀምጠን ድምፁ ወደ ጆሯችን የሚመጣው በዚያ ነበር። ሞኒተር የሚባል ነገር የት አለና!

ያኔ ሰዓት እላፊ ነበር። ማታ የገባ እንግዳ እስኪነጋ መውጣት አይችልም፤ ባንዱም እንደዚያው። ሂልተን ዋልያስ፣ ራስ ሆቴል አይቤክስ፤ ሁሉም እስከ ንጋት ነው የሚጫወተው። አምፑ ሌሊቱን ሙሉ ሲነድ ያድራል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀርባውን ብትጠጊ የጋለ አቧራ ይሸትሻል፤ ብርድ ሲሆን እጃችንን እናሞቅበት ነበር። ድምፁን ደግሞ ከአራት በላይ ከፍቶት የሚያውቅ አላየሁም። ከዚያ በላይ ከሄደ ዘፋኙ ዞሮ ያፈጥብሃል።

15 ሺህ ያለሽ ሰውዬ ምን እንደሆነ ሳያውቅ አልቀረም።

የጎፋዋ

ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ኒኬሉ እግር አለ! አንዱ ዝጓል። የብረቱንም ሳጥን አልጋ ሥር አገኘነው፤ ለብቻዬ ማንሳት አቃተኝ። «500 ዋት» ይላል።

ትልቁ ትራንስፎርመር ላይ 606123 ይላል። ስፒከር ሁለት ነው። አንዱ በ465 ይጀምራል፤ ሌላኛው ምንም ቁጥር የለውም፣ መልኩም ይለያል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እሰይ። 606 ማለት ትራንስፎርመሩን የሠራው ሹማከር ነው። ቀጥሎ ያለው 1 የዓመቱ መጨረሻ አኃዝ ነው፤ 23 ደግሞ ሳምንቱ። ብርማ ፊት በ61 ስላልነበረ 1971 (እ.ኤ.አ.)፣ ሃያ ሦስተኛው ሳምንት። አምፑ የተገጣጠመው ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ይሆናል። 465 ኦክስፎርድ የሚባል የስፒከር ፋብሪካ ነው። ሌላኛው በኋላ የተቀየረ ነው፤ ለሰብሳቢ ዋጋው ትንሽ ይቀንሳል፣ ለሚጫወት ሰው ግን ምንም ማለት አይደለም።

ስለ ዋጋ፦ ትዊን ሁለት ችግር አለው። ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል፣ ድምፁም ለቤት አይሆንም፤ 85 ዋት ነው። ስለዚህ ከትንንሾቹ ፌንደሮች ይልቅ ገዢው ያንሳል። ቢሆንም ምን እንደሚሠራና እንደማይሠራ ሳይታወቅ መሸጥ የዋህነት ነው። ቆይ በይው ሰውዬውን።

ዘቤዝ

ስለ ኤኮው ማንም አላለም። የጣሊያን ጊታር ነው፣ ከሬካናቲ። ከተማዋ አኮርዲዮን በብዛት የሚሠራበት አካባቢ ናት። ያ የሚያብረቀርቀው ፕላስቲክ እንዳለ ከአኮርዲዮን የመጣ ነው፤ ለዚህ ነው ጊታሩ የሰርግ ቤት የሚመስለው 😄 በአልኮልም በቤንዚንም እንዳታጸጂው፣ ፕላስቲኩ ይበላል። በትንሹ እርጥብ በሆነ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ። ክሮቹ ተወጥረው ከሆነ ውጥረቱን ቀንሺላቸው፣ አንገቱ እንዳይጎብጥ።

ቴስተር

ሳጥኑ መገኘቱ ጥሩ። 500 ዋት ለትዊን ይበቃል፤ ግን እሱንም ለብቻው በቴስተር ለክተን ነው የምናምነው።

ሥራው እንዲህ ነው የሚሄደው። አምስቱ ትልልቅ ካፓሲተሮች ይቀየራሉ። አሮጌዎቹን እንዳትጥያቸው፤ በፌስታል አስረሽ አምፑ ውስጥ አስቀምጪ፣ ሰብሳቢ ይጠይቃል። ከዚያ ባለሦስት ሽቦ ገመድ ይገባል። አሁን ያለው ስፒና ኧርዝ የለውም፤ ሲቀየር ቆርጠው ጥለውታል። ከኋላ «ግራውንድ» የሚል ማብሪያ ማጥፊያ አለ፣ ከሱ ጋር የተያያዘች አንዲት ትንሽ ካፓሲተር ትወጣለች። እሷ ከተበላሸች መብራቱ በቀጥታ ወደ ጊታሩ ክር ይመጣል። ማይክራፎን ከንፈርሽ ሲነካ የሚነዝርሽ በዚህ ነው። እግረ መንገድሽን የቤታችሁንም ኧርዝ አስፈትሺ፤ ብዙ ቤት ሶኬቱ ባለሦስት ሆኖ ሽቦው የትም አይደርስም።

መጨረሻ ላይ አምፑን የምንከፍተው ከ100 ዋት አምፖል ጋር በሴሪ አያይዘን ነው፤ መብራቱ በአምፖሉ አልፎ ነው አምፑ የሚደርሰው። የድሮው ባለክር አምፖል ይሁን፣ ኤልኢዲ አይሠራም። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ጤነኛ ነው። ቦግ እንዳለ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ፣ ወዲያው ይጠፋል። በዚህ ሁሉ መሃል ስፒከሩ መያያዝ አለበት። ያለ ስፒከር የተከፈተ የቲዩብ አምፕ (ቲዩብ ያልሻቸው አምፖል መሳዮች ናቸው) የድምፅ ትራንስፎርመሩን ይበላል።

ጋሽ ማንጎራጎር

ቲዩቦቹንስ አብሮ ይቀይራል?

ቴስተር

ጋሼ፣ እርስዎ እንደሚያውቁት ቲዩብ እስኪሞት ይሠራል። መጀመሪያ እንለካቸዋለን። ስድስቱ ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ ደህና ይሆናሉ። አራቱ ትልልቆቹ 6ኤል6 ከደከሙ ግን አራቱም አንድ ላይ፣ የተመሳሰሉት ተመርጠው ነው የሚገዙት። አዲስ ስሎቫኪያም ቻይናም ይሠራል። ከተገጠመ በኋላ ባያሱ፣ ማለትም ድምፅ ሳይኖር በቲዩቦቹ የሚያልፈው ኃይል፣ መስተካከል አለበት፤ «ሰካሁት ሠራ» ብሎ የሚሄድ ጠጋኝ ካጋጠመሽ ገንዘብሽን አትክፈይው።

የኛ መብራት 50 ኸርዝ፣ የአሜሪካው 60 ስለሆነ ትራንስፎርመሩ ከአገሩ ይልቅ ትንሽ ይግላል። ሌሊቱን ሙሉ ከማንደድ ይልቅ ሰዓት ሰዓት እያሳረፉ መጫወት ነው።

የጎፋዋ

ወንድሜ ይህን ሁሉ አንብቦ ስፒናውን ራሱ በፕላስተር ጠቅልሎታል 😂 ቴስተር፣ ቅዳሜ ከሰዓት ይመችሃል? ካፓሲተሮቹስ እዚህ ይገኛሉ?

ቴስተር

ቅዳሜ እመጣለሁ። ቮልቴጁ የሚበቃ ካፓሲተር እዚህ አንዳንዴ ይገኛል፣ ግን መደርደሪያ ላይ ስንት ዓመት እንደቆየ አይታወቅም። ከውጭ ቢመጣ ይሻላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ በዚህ ወር መጨረሻ አዲስ ትገባለች፣ ሻንጣዋ ውስጥ ቦታ አይጠፋም። ቴስተር፣ ሦስት ባለ20 ማይክሮፋራድ 500 ቮልት፣ ሁለት ባለ70 350 ቮልት፣ ልክ ነኝ? ባለ70ው አሁን በቀላሉ ስለማይገኝ በ80 ወይም በ100 እተካዋለሁ። ገመዱንም ጨምሬ እልካለሁ፤ ሌላ የሚፈለግ ካለ እስከ ዓርብ ንገሩኝ።