ለሸክላ ዒላማም ለአደንም የሚሆን ረሽ ጠመንጃ፦ ጥቆማ

ሚኒሶታ ያለው የአክስቴ ልጅ ጥያቄውን እዚህ ደሴ ድረስ ልኮታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አየር የሚወረወር የሸክላ ዒላማ ይተኩሳል፤ በመኸር ደግሞ ፌዛንት የሚባለውን የዱር ወፍና ዳክዬ ማደን አምሮታል። ለሁለቱም የሚሆነው አንድ ጠመንጃ የቱ ነው? አብሽር፣ አንዱ ይበቃሃል። እኔም እዚያ አገር ሳለሁ ሁለቱንም ስለሞከርኩ ያየሁትን ልንገርህ።

12 ጌጅ ግዛ (ጌጅ የአፈሙዙ ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አፈሙዙ ይሰፋል)። 20 ጌጁ ቀለል ይላል፣ ቀኑን ሙሉ በእግር ለሚዞር ይመቻል። ግን ጥይቱ የሚይዘው ረሽ፣ ማለትም የሚበተነው ትንንሽ ፍሬ፣ አነስ ይላል።

የእኔ ምርጫ ሁለቱ አፈሙዞች የተደራረቡበት ኦቨር አንደር ነው፤ ቤሬታ ሲልቨር ፒጅን ወይም ብራውኒንግ ሲቶሪ፣ የአፈሙዙ ርዝመት 28 ኢንች። 30 ኢንቹ ለዒላማ ደስ ይላል፣ ጫካ ውስጥ ግን ቅርንጫፍ ይይዘዋል። ዋጋቸው ኪስ ያራቁታል። ቱርክ የተሠሩት ሲዜድ (CZ) የሚባሉት ረከስ ይላሉ። ሌላ አማራጭ ከፈለግክ ቤሬታ ኤ300 አለልህ፤ በጋዝ ኃይል ራሱ ስለሚጎርስ ትከሻ ብዙ አይመታም፣ ግን በደንብ መጽዳት ይፈልጋል። አጎታችን «ፓምፕ ግዛ፣ ሬሚንግተን 870 አይበላሽም» ብለውሃል፤ ፓምፕ ማለት በእጅ እየሳቡ የሚያጎርሱት ነው። ስለ ጥንካሬው እውነታቸውን ነው። ሁለት ሸክላ ባንዴ ሲወረወር ግን በመሀል እጅህ መሳብና መግፋት አለበት፤ ጀማሪ እዚያ ላይ ነው ሁለተኛውን የሚያመልጠው።

ከስሙ ይልቅ ልክህን እይ። ሱቅ ውስጥ፣ ባዶ መሆኑን ሻጩም አንተም ጠመንጃውን ከፍታችሁ ካያችሁ በኋላ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ሰደፉን ትከሻህ ላይ፣ ጉንጭህን እንጨቱ ላይ አሳርፍ። ስትገልጠው ዓይንህ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችውን ፍሬ ቀጥታ ካላየ፣ ወይ አንገትህን ካጣመምክ፣ የፈለገ ስም ይኑረው ተወው። ሸክላው ስፋቱ 11 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ አስተካክል የምትልበት ጊዜ አይሰጥህም።

ቾኩ፣ ማለትም የአፈሙዙን ጫፍ የሚያጠብበው ቱቦ፣ የሚቀያየር መሆኑን ጠይቅ። የውሃ ቱቦ አፍን በአውራ ጣት እንደማጥበብ ነው፤ ሲጠብ ረሹ ሳይበተን ራቅ ይላል። ስኪት ለሚባለው የሸክላ ዒላማ ጨዋታ ሰፊውን፣ ለፌዛንት መካከለኛውን አስገባ። ለዳክዬ ግን አሜሪካ ውስጥ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእርሳስ ረሽ ክልክል ነው። ብረት ትገዛለህ፤ ብረት ደግሞ ጠንካራ ስለሆነ በጠባብ ቾክ አትተኩሰው። ኤ300ውን ከገዛህም ለዳክዬ ከሦስት ጥይት በላይ እንዳይጎርስ መወተፊያ ይገባለታል።

«አንዱን ለአባቴ ልላክለት ወይ?» ላልከው፣ ኧረ ተው! እዚህ አገር በአዋጅ 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማስገባትም መያዝም ወንጀል ነው። አደንም ፈቃድ ይጠይቃል፤ ቦረና ሳይንት ፓርክ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ለእሳቸው ጥሩ መነጽር ላክላቸው፤ ሐይቅ ዳር ተቀምጠው ወፎቹን ይዩበት።

ሳትገዛ በፊት እዚያው የዒላማ ክለብ ሄደህ ተከራይተህ ተኩስ። አንድ ዙር 25 ሸክላ ነው፤ ሁለት ዙር ከተኮስክ ትከሻህ ራሱ ይነግርሃል።